መቶ አርባ ሦስተኛው ቀንድ አውጣ

ታሜዬ፣ የቤቴ ራስ፣

ከዚያች ረቡዕ ከሰዓት ወዲህ ሰባት ዓመት ከሦስት ወር ሞላ። በሩ ላይ ጎንበስ ብለህ የቦት ጫማህን ጭቃ ስታራግፍ ጀርባህን ነው ያየሁት። ፊትህን ሳላይ ወጣህ። ከዚያ ወዲህ ልጽፍልህ ብዬ ስንት ጊዜ ወረቀት አውጥቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። እስክሪብቶ ስይዝ እጄ እምቢ ይለኛል። ዛሬ የምጽፍልህ በእርሳስ ነው። «እርሳስ ውሃ አይፈራም» ያልከኝ አንተ ነህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። አንተም ከሐይቅ ስትመለስ ከሰላምታ ቀጥለህ የምትጠይቀኝ እሱን ነበር።

ሐይቁ መጥቷል። ቀልዴን አይደለም። አንተ እያለህ ከዚህ ከቡሹሎው ቤታችን አጥር እስከ ውሃው ዳር ለመድረስ የጎረቤታችንን የጋሽ ዳንሳን የበቆሎ ማሳ ማቋረጥ ነበረብን። ዛሬ ማሳው የለም። ውሃው ከክረምት ክረምት እየገፋ መጥቶ በቆሎውን ዋጠው፤ ደንገሉን ወደ እኛ አስጠጋው፤ አሁን ደግሞ አንተ የተከልካት ፓፓያ ሥር ቆሟል። ለሥራህ ብለህ በሐይቁ ዳር ከተከልካቸው ከአራቱ ችካሎች አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ሰጥመዋል። የሦስተኛው ጫፍ ብቻ እንደ ሰው አውራ ጣት ብቅ ብሎ ይታያል። ጠዋት ጠዋት አንድ አባ ኮዳ፣ ያ መላጣ ትልቅ ወፍ፣ አጠገቡ ውሃ ውስጥ ይቆማል። ሌሎቹ አባ ኮዳዎች የዓሣ አንጀት ፍለጋ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሲውሉ እሱ የትም አይሄድም። ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ ያየኛል። ድንጋይ ወርውሬበት አውቃለሁ፤ ድንጋዩ የወደቀበትን አይቶ እንደገና እኔን አየኝ።

ራሔል ትልቅ ሰው ሆናለች። ተመርቃ ከተማ ውስጥ ቢሮ ገብታለች፤ ታቦር ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ ትመጣለች። ገና ከባጃጁ ሳትወርድ ውሃው የደረሰበትን በዓይኗ ትለካለች፤ ያ ዓይን ያንተ ነው። «እማ፣ ዓሣ በመስኮት ሲገባ ነው የምትነሺው? ታቦር ላይ ላንቺ የሚሆን ክፍል እያለ!» ትለኛለች። እኔም «ዓሣ በመስኮት ከገባማ ገበያ መውጣት ቀረልኝ» እላታለሁ። ትስቅና ትተወዋለች። ለምን ከዚህ እንደማልነሳ ግን ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ያልነገርኳት ሌላም ነገር ነበር።

ኃላፊህ የነበሩት ሰውዬ በየዓመቱ ባረፍክበት ቀን ይመጣሉ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። ግቡ ካልኳቸው ይገባሉ፤ ካላልኳቸው ትንሽ ቆይተው ይመለሳሉ። ራሔል አንድም ቀን ሰላም ብላቸው አታውቅም። «በነፋስ ሰዓት ሐይቅ ላይ የላኩት እሳቸው ናቸው፤ አባቴን የበላው ሐይቁ አይደለም» ትላለች። በለቅሶው ሳምንት ወንድምህም፣ ጎረቤቱም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ያሉት ይህንኑ ነበር። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ሐዘን አደረጉልኝ። ሐዘን ብቻ አልነበረም፣ ታሜ። አንተና እኔ ብቻ የምናውቀው ነገር ነበር፤ አንተ ማወቅህን ደግሞ እኔ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አላወቅኩም።

የመጨረሻውን ዓመትህን መቼም አትረሳውም። እስከዚያ ድረስ ሥራህ ዓሣ ነበር። ጠዋት አሞራ ገደል ትወርዳለህ፤ ጀልባዎቹ ሲጠጉ ቆሮሶውንና አምባዛውን አንድ በአንድ የእንጨት ሰሌዳህ ላይ አጋድመህ ርዝመቱን ትለካለህ፣ ትመዝናለህ፣ ትጽፋለህ። አጥማጆቹ «ታምራት መጣ፤ ዛሬ ዓሣው ሱፍ ሊሰፋለት ነው» እያሉ ያሾፉብህ ነበር። አንተም «እጅጌው አስቸገረኝ እንጂ» ትላቸው ነበር። ከዚያ ቀንድ አውጣ ተጨመረብህ። እኔ ገርሞኝ ስጠይቅህ «ዓሣ ውሃው ሲበላሽበት ይሸሻል፤ ቀንድ አውጣ ግን የት ይሄዳል? ሐይቅ ሲታመም ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው» አልከኝ። በየችካሉ ዙሪያ እየፈለግህ ታወጣቸዋለህ፤ ዛጎላቸው ላይ ቁጥር ጽፈህ መልሰህ ትለቃቸዋለህ፤ በየሳምንቱ ሄደህ የትኛው እንዳለ፣ የት እንደደረሰ፣ ስንት ሚሊሜትር እንዳደገ ትመዘግባለህ።

ከቢሮ የተሰጠህ ቀለም ውሃ ሲነካው ለቀቀ። የእኔን ቀይ የጥፍር ቀለም ከመስታወቱ ሥር አንስተህ ሞከርክ፤ እሱ አልለቅም አለ። ለታናሽ እህቴ ሠርግ የገዛሁትን! «አንቺ አንድ ቀን ተቀብተሽው ያስቀመጥሽውን፣ መቶ ሃያ ቀንድ አውጣ ይዘንጥበት» ብለህ ሳቅክብኝ። እዚሁ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ መርፌ እየነከርክ ከአንድ እስከ መቶ ሃያ ጻፍክ። እኔ ዛጎሉን እይዝልሃለሁ፣ አንተ ትንፋሽህን ውጠህ ትጽፋለህ። አራትህ አናቷ ክፍት ነበረች፤ የተገለበጠ ወንበር ትመስል ነበር። ሲያልቅ ብልቃጡን ጠርገህ ቦታው መለስክልኝ።

እኔ ደግሞ ጸሐፊህ ነበርኩ። ይህንን ራሔል እንኳ አታውቅም ነበር። ሁለተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ የቀረችውን ሴት ፊደል ያስለያት የአንተ ወረቀት ነው። ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም። አንተ ስትጽፍ ከትከሻህ በላይ እያየሁ፣ አንተ ስትወጣ ወረቀቱን ገልጬ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የለመድኩት። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ቆሮሶ» ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሳሙና መጠቅለያ፣ ከዚያ ዕቃ ተጠቅልሎበት የመጣ ጋዜጣ፣ ከዚያ መዝሙረ ዳዊት። አንድ ቀን ጀልባ ላይ የምትጽፍበትን ትንሿን ደብተር ወስጄ፣ ለቢሮ በምታስረክበው ወረቀት ላይ ገልብጬ ጠበቅኩህ። ስህተት ፈልገህ አጣህ። «ዓይንሽ ከእኔ ይበልጣል፤ ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊዬ ነሽ» አልከኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያኮራኝ ነገር የለም። ዕቃ ሳጥብ እንኳ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ያ ኩራት ነው ጉድ የሠራኝ።

ያን ሳምንት እርሳስህ ሐይቅ ውስጥ ወድቆብህ በእስክሪብቶ ጽፈህ መጣህ። ደብተሩ ርሶ ነበር። ከሦስተኛው ችካል መስመሮች በአንዱ ላይ የዛጎሉ ቁጥር ፈስሶ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል። የመጀመሪያዋ አንድ ናት። የመጨረሻዋ ሦስት ትመስላለች። መሃሏ የለችም። አንተ ጓሮ እጅህን ትታጠብ ነበር፤ የውሃው ድምፅ ይሰማኛል። «ታሜ፣ ይቺ ስንት ናት?» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ከወንበሬ መነሳት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። ግን ዓይንሽ ከእኔ ይበልጣል ተብዬ የለ? ማንበብ አቃተኝ ማለት ሞት መሰለኝ። መሃሏ ላይ አራት አደረግኩ። መቶ አርባ ሦስት። ርዝመቱ አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር፤ እሱ አልፈሰሰም ነበር፣ ጥርት ብሎ ይነበባል። መቶ ሃያ ላይ ማቆምህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ዛጎሎቹን የያዝኩልህ እኔ ነኝ። በዚያች ሰዓት ግን ትዝ አላለኝም። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ማለቁ ብቻ ነበር የታየኝ።

ረቡዕ ለምሳ ስትመለስ ፊትህ ጠቁሮ ነበር። ኃላፊህ ወረቀቱን አይተው «ቁጥር የተጻፈባቸው መቶ ሃያ ናቸው ብለኸኝ፣ መቶ አርባ ሦስተኛው ከየት መጣ? ቤትህ ተቀምጠህ የምትሞላው ከሆነ የዓመቱን ልፋት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ነገ ማስረጃ ይዘህ ና» ብለውሃል። አንተ፣ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ማጠጋጋት የማትወድ ሰው፣ ውሸታም ተባልክ።

ምሳህን አልነካህም። የረጠበውን ደብተር ገለጥክ፤ ኃላፊህ የመለሱብህን የእኔን ግልባጭ ልጆች ሥዕል እንደሚያመሳስሉ ከጎኑ አደረግከው። ከዚያ ቀና ብለህ አየኸኝ። ልነግርህ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ደብተሩ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው» የሚል ነበር። አልተቆጣህም። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «አንቺ ካየሽው አለ ማለት ነው። ሄጄ አመጣዋለሁ» አልክ። ወደ ጓዳ ገባህ፣ ወጣህ፣ ቦርሳህን አነገትክ። ሐይቁ ከሰዓት በኋላ እንደማይታመን እዚህ ሰፈር ሕፃን ያውቃል። ነፋስ ሊነሳ ነው፣ ነገ ጠዋት ትሄዳለህ ማለት ነበረብኝ። ያንንም አላልኩም። ጀርባህን አየሁ።

ጀልባዋ በማግሥቱ ተገልብጣ ተገኘች። አንተን በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዳንሳ ደንገል ውስጥ አገኙህ። ሲያጥቡህ ካላየሁ ብዬ ለመንኳቸው። በቀኝ አውራ ጣትህ ጥፍርና በጠቋሚ ጣትህ ጫፍ ላይ ቀይ ነገር ነበር። «ገመድ ልጦት ነው፣ ደም ነው» አሉኝ። ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ የሰነበተ ደም እንዴት አይታጠብም ብዬ አሰብኩ፤ በዚያ ሰዓት ግን ማን ይጠይቃል። ለቅሶው ሲበተን የጥፍር ቀለሜ ብልቃጥ ከመስታወቱ ሥር መጥፋቱን አየሁ። ከለቀስተኛው አንዷ አንስታው ይሆናል አልኩ፤ ባሌን ቀብሬ ስለ ጥፍር ቀለም በማሰቤም ራሴን ረገምኩ።

ሰባት ዓመት እንደዚህ አለፈ። አሁን ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ቀንድ አውጣዎችህ መምጣት ጀመሩ።

ፓፓያዋ ሥር ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት። መጀመሪያ ወፎቹ ዝም አሉ። ሁሌ የሚንጫጫው ደንገል ጸጥ ሲል ሰው ስሙን የተጠራ ያህል ይደነግጣል። ከዚያ ሰማሁት። ቋ፣ ቋ። መቅዘፊያ የጀልባ ጎን ሲመታ። አንተ ስትመለስ ሁለቴ ትመታ የነበረው፣ የእግርህን ውሃ እንድጥድልህ። ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ጀልባ የለም። ውሃው እንደ ተወለወለ ሳፋ ጭጭ ብሏል። እግሬ ሥር፣ የአረፋው ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ባዶ ዛጎል ነበረች። ጀርባዋ ላይ በገረጣ ሮዝ «7» ይላል።

በሳምንቱ አሥራ ሁለት መጣች። ከዚያ አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ሠላሳ አንድ። ሁሉም አይመጡም፤ የሚመጡት ግን አንድም ቀን ወደ ኋላ ተመልሰው አያውቁም። ሁልጊዜ ወደ ላይ። ሁልጊዜ በቀን፣ ሁልጊዜ ከዚያ ጸጥታ በኋላ፣ ሁልጊዜ ቋ፣ ቋ። በእንቅብ ሰበሰብኳቸው፤ የድሮ ደብተርህን አውጥቼ በየቁጥሩ ፊት ምልክት አደረግኩ። ጋሽ ዳንሳ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና «ሐይቅ የወሰደውን አይረሳም፤ ጊዜ ይቆጥራል እንጂ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ በኩል ጀልባቸውን ማሰር ተዉ።

በአንተ ቦታ ቤዛ የምትባል ወጣት ተቀጥራለች፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ውሃ ልትለካ ትመጣለች። ጎበዝ ናት፤ ቦት ጫማዋ ግን ይሰፋታል፣ እንደ ዳክዬ ነው የምትራመደው። እንቅቡን አሳየኋት። «እትዬ አስቴር፣ ይሄ እኮ አያስፈራም» አለችኝ። «ሐይቁ ሲሰፋ የድሮውን ጭቃ ያነሳዋል። ከሥር ተቀብሮ የነበረው ሁሉ ይወጣል።» ቅደም ተከተሉስ ብዬ ጠየቅኳት። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያነሳች አየች፤ «እሱን እንጃ» አለች። ይህን እንዳለች ወፎቹ ዝም አሉ። ቋ፣ ቋ። ቤዛ አንገቷን አቅንታ ወደ ውሃው ዞረች። «ማነው የመጣው?» አለች። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ድምፁ በጆሮዬ ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልመጣም። ቤዛ ዕቃዋን ሰብስባ ያንን ሰፊ ጫማዋን እየጎተተች ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ስትመጣ ከባጃጇ ሹፌር ጋር ነው።

ለምን ከዚህ ቤት እንደማልነሳ አሁን ገባህ? ቁጥሩ እየወጣ ነበር። ሰማንያ ስምንት። ዘጠና ሰባት። መቶ ሦስት። መቶ አሥራ ሦስት። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዷ ነበረች ያን ቀን ጭጋግ የሆነችብኝ፤ ሁለቱንም መዳፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ከዚያ መቶ ሃያ መጣች፤ ቆመ። ሦስት ሳምንት ምንም የለም። ወፎቹ ይንጫጫሉ። አበቃ ብዬ እፎይ አልኩ። እውነቱን ልንገርህና ደግሞ ከፋኝ፤ ሁለተኛ ጥለኸኝ የሄድክ መሰለኝ።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ነበር። ነፋስ መነሻው ሰዓት ደርሶ ነፋስ አልተነሳም። አንድም ቅጠል አይነቃነቅም። ከሦስተኛው ችካል አጠገብ አባ ኮዳው የለም፤ ቦታውን ለቆ ያየሁት የመጀመሪያ ቀን ነው። ወጥ ቤት ነበርኩ። ድምፁ መጣ፤ ከውሃው በኩል ግን አልነበረም። ከበሩ ነው።

ውሃው በራችን ደረጃ ላይ ደርሶ አያውቅም። ከሁለተኛው ደረጃ ላይ አንዲት ዛጎል፣ እርጥብ ሆና፣ አፏን ወደ ቤቱ አዙራ ተቀምጣለች። እንደ ሌሎቹ የገረጣች አልነበረችም። ቀለሟ ዛሬ ጠዋት የደረቀ ይመስል ቀይ ነው። ሳነሳት የሠርጉ ቀን የጥፍር ቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። «143» ትላለች። አራቷ አናቷ ክፍት ነው።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የሌለ ቁጥር ነው፤ ከራሴ አውጥቼ የጻፍኩት ቁጥር ነው፤ ከሐይቅ ወጥቶ በሬ ላይ መጣ። ማስመሪያህን አምጥቼ ለካኋት። ወደ ታችም ወደ ላይም ሳይል፣ አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር።

ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። የጠፋው ብልቃጥ። በጣትህ ላይ የነበረው ቀይ። «አንቺ ካየሽው አለ ማለት ነው» ያልከኝ። ታሜዬ፣ አንተ እኮ የሄድከው ልትፈልግ አልነበረም። ማስረጃ አምጣ ተብለህ ማስረጃ ልትሠራልኝ ሄድክ። ግልባጬን ባየህባት ደቂቃ አውቀሃል። በመርፌ ጫፍ፣ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ፣ እኔ የዋሸሁትን ቁጥር እውነት ልታደርገው። ያውም የተገኘውን አንስተህ ብትጽፍበት ማን ይለካዋል? አንተ ግን አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር የሆነችውን እስክታገኝ ስንቷን ለክተህ ስንቷን ጣልክ? ስትዋሽ እንኳ ማጠጋጋት አልሆነልህም። ነፋሱ የደረሰብህ ለዚህ ነው። በሕይወትህ አንድ ቀን ዋሸህ፤ እሱንም ለእኔ።

ቤዛ ጭቃ ቀለም ይጠብቃል ትላለች። እንዴት ደረጃው ላይ እንደወጣች ስጠይቃት «ወፍ ይሆናል» አለችኝ፤ ስትለኝ ግን ፊቷን አዙራ ነው። ወፍ ይሁን። ማን እንዳመጣት አልመረምርም። ለምን እንደመጣች ግን ሳስብ ሰነበትኩ። ለእኔ ምሕረት መስላኝ ጉያዬ ውስጥ ይዣት ዞርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊህ ትዝ አሉኝ፤ ባርኔጣቸውን ይዘው በራችን ላይ ሲቆሙ። ማስረጃ አምጣ ያሉህ እሳቸው ናቸው። ይህች ዛጎል የእሳቸው ነበረች። ሰባት ዓመት በልጃችን ዓይን ነፍሰ ገዳይ ሆነው የኖሩት ሰው፣ እውነቱን ከእኔ እጅ እየጠበቁ ነበር፤ እሳቸው ባያውቁትም።

ቅዳሜ ራሔል ስትመጣ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ከእስክሪብቶው ጀምሮ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ሰባት ዓመት ሙሉ፣ እማ?» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ወጥታ ፓፓያዋ ሥር ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቆመች። ትታኝ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ። ስትመለስ ጫማዋ እየተንጠባጠበ ነው። ዛጎሏንና ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አየቻቸው። ለካች። እንደገና ለካች። «አሥራ ዘጠኝ» አለችና እንደ ሕፃንነቷ ጮሃ አለቀሰች። ቆይታ አፍንጫዋን ጠርጋ «ጥሪያቸው» አለችኝ።

ኃላፊህ በዚያው ቀን መጡ። አርጅተዋል፣ ታሜ። የረጠበውን ደብተር፣ ግልባጩ ላይ የጻፍኩትን፣ ዛጎሏንም ፊታቸው አደረግኩና ተናገርኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት። «ጽሑፉ የታምራት እንዳልሆነ ያኔም አውቅ ነበር» አሉኝ። «ከእሱ ጽሑፍ ያማረ ነበር። ሚስቴ ነች የምትጽፈው ቢለኝ ሥቄ በተውኩት። አላለኝም። እኔም የሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል ማለት ስችል ነገ አልኩ። ያችን ነገ ነው በየዓመቱ ይዤ የምመጣው፣ እመቤቴ።» ይህን ያሉኝ ደጅ ቆመው ነው፤ አልገባም ብለው። ውሃው በአጥሩ በኩል መጥቶ ጫማቸውን ነክቶታል። ራሔል ከኋላዬ ብቅ አለች። «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ እግርዎ ረጠበ» አለቻቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልተባለች ቃል እንዲህ አጭር ናት ብዬ አላስብም ነበር።

የሚመጣው ቅዳሜ ወደ ታቦር እገባለሁ። ዕቃው ተጠቅልሏል፤ የቀረው ይህ ጠረጴዛ ነው። ቀንድ አውጣዎቹን ቤዛ ወደ ቢሮ ትወስዳቸዋለች፤ የአንተ ሥራ ናቸው፣ እዚያ ነው ቦታቸው። አንዷ እኔ ጋ ትቀራለች። ይቅር በለኝ ብዬ አልጨቀጭቅህም፤ አንተ መልስህን በመርፌ ጽፈህ ልከሃል። እኔ ደግሞ የምችለውን አደረግኩ። የመጨረሻ ደብተርህን ከቆመችበት ገጽ ገልጬ፣ አንተ እንደምታሰምረው አስምሬ፣ በእርሳስ ሞላሁ።

ቁጥር፦ መቶ አርባ ሦስት።
የተገኘበት ቦታ፦ ከቤታችን በር፣ ሁለተኛው ደረጃ።
ርዝመት፦ አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር።
ሁኔታ፦ ባዶ።
ማሳሰቢያ፦ ቁጥሩን ከራሷ አውጥታ የጻፈችው አስቴር ናት። ዛጎሏ ላይ የጻፈው ታምራት ነው። ሌላ ጥፋተኛ የለም።

ስለ አንተ ስጠየቅ ከእንግዲህ የምናገረው ይህንን ነው፣ ሳላጠጋጋ። የልጅ ልጅ ካየሁም የምነግረው ይህንኑ ነው፤ ለዓሣ ሱፍ ይሰፋ የነበረ፣ አራት ሲጽፍ ወንበር የሚገለብጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የዋሸ አያት እንደነበረው። ሐይቁ ይህን ቤት ቢወስደውም፣ የፓፓያዋ አናት ቢሰጥምም፣ ከታቦር ሆኜ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ፊቴን ወደ ሐይቁ አዙሬ እቀመጣለሁ።

ይህንን እየጻፍኩ ሳለ ወፎቹ ዝም አሉ፣ ታሜ።

ቋ፣ ቋ።

በፊት ሮጬ እወጣ ነበር። ዛሬ አልወጣሁም። እርሳሴን አስቀምጬ፣ የእግርህን ውሃ ልጥድ ተነሳሁ።

ጸሐፊህ፣
አስቴር